የመብረቅ እህት

ወንድሜ መስተዋት ፊት ቆሞ እኔን ሲለማመድ ሰማሁት። በሁለቱ ክፍሎቻችን መካከል የተንጠለጠለችው መጋረጃ እንኳን ድምፅ ሐሳብም አታስቀር። «እኔ ስጽፍ ሁልጊዜ የማስበው ምንም ስለማያውቀው ሰው ነው» ይላል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኔ ስጽፍ…» ይላል ደግሞ፣ አሁን ድምፁን ወፈር አድርጎ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት ድንች እየላጥኩ። እሱ ያኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የእግሩን ጥፍር እየቆረጠ ነበር፤ የሚሰማኝም አልመሰለኝ። ለካ ጆሮውን ጣል አድርጎ እየለቀመልኝ ኖሯል! ያናደደኝ መውሰዱ አይደለም፣ እሱንስ ለምጄዋለሁ። ያናደደኝ አሳምሮ መናገሩ ነው። እኔ ስናገረው እንዲህ አያምርም፤ እኔ ስናገር እጄ ላይ ቢላ አለ፣ ምድጃው ላይ ድስት አለ፣ እናቴም ከአልጋዋ ላይ «ትራሴን አስተካክይልኝ» ትላለች።

«እንዴት ነው?» አለ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ። ትናንት የተኮስኩለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

«ቁርጥ እኔን!» አልኩት።

ሳቀ። ሚስቱም ከውስጥ ሳቀች። እናቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በእኛ ቤት እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው እውነት ሲናገር ሁለቱ ይስቃሉ፣ አንዷ ግድግዳ ታያለች፣ ከዚያ ሻይ ይቀዳል። ሻይ ቀዳሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገርና ይውጣልኝ። ድረ ገጽ ለሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዷ ኮድ ምን እንደምትሠራ፣ የት እንደምትገባ፣ ስትበላሽ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ አንድ ትልቅ የማብራሪያ ቦታ ኢንተርኔት ላይ አለ። ለማንም ክፍት ነው፤ የሚያነበው አይከፍልም፣ የሚጽፈውም አይከፈለውም። በየቋንቋው የሚጽፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በእኛ ቋንቋ የምንጽፈው ተሰብስበን አንድ አውቶቡስ አንሞላም። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው አንብቦ ያርማል፣ ይከራከራል፣ በመጨረሻ አጽዳቂው ያጸድቃል። የራሱን ገጽ ራሱ ማጽደቅ ለማንም አይፈቀድም፤ የመጀመሪያዋ ሕጋችን ይህች ናት። ሁሉም የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው። እኔ የምጽፍበት ስም መብረቅ ይባላል። መብረቅ ማለት ደግሞ ወንድሜ ነው። ጠዋት ሦስቴ ካልተጠራ የማይነሳ ሰው፣ መብረቅ! ተማሪ ሳለ አካውንቱን ከፍቶ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈና ሰለቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ክፍቱን ትቶት ሄደ። እኔ ደግሞ እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ሲላት «ሴት ልጅ ትሻላታለች» ተብሎ ከኮሌጅ የቀረሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እናቴን እንቅልፍ ወሰዳት፤ ምራታችን ለኮምፒውተሩ የሠራችለትን ዳንቴል ገለጥኩና የቀረችውን ግማሽ ገጽ ጨረስኩለት። ከዚያ ሌላ ገጽ፣ ከዚያ ሌላ። ይኸው ሦስት ዓመቴ። ወንድሜ ሥራ ሲፈልግ «ይህን ሁሉ የጻፍከው አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁት። አዎ አለ። ምን ይበል፣ ስሙ እኮ ነው! ቀጠሩት።

ዛሬ ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ይገናኛሉ። እስካሁን ያለን አጽዳቂ አንድ ብቻ ነው፣ ፍሬን የሚባል፤ ስለበዛበት ሁለተኛ አጽዳቂ ይመረጣል፤ ሁሉም መብረቅ፣ መብረቅ ብለዋል። የወንድሜ አለቃም ሊያይ ይመጣል። የሙከራ ጊዜው የሚያልቅበት ወር ነው፤ ሲመረጥ ካየው ቋሚ ያደርገዋል። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፣ ዛሬ ነገ እያለች ነው። ጉዱ ከወጣ ግን አለቀልን፤ ይህ ቤት በአንድ ሰው ደመወዝ የቆመ ቤት ነው። ለእኔስ? ለእኔ ቃል ተገብቶልኛል። «ዛሬን ብቻ እለፊልኝ፣ እታለም» አለኝ ወንድሜ። «ከተመረጥኩ ዕለቱኑ የራስሽን አካውንት ትከፍቻለሽ። የመጀመሪያ ገጽሽን ራሴ አጸድቅልሻለሁ።» በእናታችን ማለልኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ አውቃለሁ። ግን ፈለግኩት። ምን ያህል እንደፈለግኩት ለማንም አልተናገርኩም። አንዲት ገጽ፣ ከግርጌዋ የእኔ ስም ያለባት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። እስከ ዛሬ ለምን አልከፈትሽም ይባል ይሆናል። ልከፍት ባልኩ ቁጥር ምራታችን «ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሲጽፍ ሰው አያስተያይም?» ትላለች። ክፉ አይደለችም፤ ፈሪ ናት። እኔም ፈሪ ስለሆንኩ ልክ ነሽ እላታለሁ።

ከመውጣታችን በፊት የምተኛበት ሶፋዬ ሥር ጎንበስ ብዬ ለአከራያችን ድመት ወተት አስቀመጥኩላት። ድመቷ ከአከራይዋ ሰፊ ቤት ሸሽታ የወለደችው እኔ ሶፋ ሥር፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። በቤቱ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከእኔ በቀር እዚያ ጎንበስ የሚል ስለሌለ። ነገር በምሳሌ ነውና እኔም የምጽፋቸው ገጾች ላይ ምሳሌ የማደርገው የቤታችንን ነገር ነው፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ፣ ለአምስት ተከራይ አንድ የሆነውን የመታጠቢያ ቤት ቁልፍ፣ አከራይዋን። ሰሞኑን ስለ ዝርዝር ስጽፍ፣ ማለት ኮድ ውስጥ ነገሮችን ደርድሮ ስለመጨመርና ስለመቀነስ፣ የድመቷን ልጆች ደረደርኳቸው። አራት ብዬ ጻፍኩ። ገጹ ሳይጸድቅ አንዷ ሞተች፤ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ቀበርኳትና ምሳሌውን ወደ ሦስት አስተካከልኩ። ፍሬን ዓይኑ ምንም አያልፈውም፤ «ለምን ሦስት ሆነ? ከላይ አራት ብለሃል» ብሎ አቆመኝ። «አንዷ ሞተች» ብዬ መለስኩ። ሥራ ላይ እንዲህ አይባልም፣ ሳላስበው ነው። ፍሬን ቆየት ብሎ «አይዞህ» አለኝ። በዚያ ሳምንት አይዞህ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«ከኋላ ተቀመጪለት» አለችኝ እናቴ ደህና ዋይ ስላት፤ ደህነኛው እጇ ክንዴን ይዟል። «ወንድምሽ ከቆመ ሁላችንም ቆምን።» ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ አፍ አውጥታ ያለችው። ታውቅ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው እያዞረች ታውቅ ኖሯል። «እሺ እማዬ» አልኳት።

አውቶቡስ ውስጥ ወንድሜ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ፊት ለፊታችን ሁለት ሴቶች ስለ ዘይት ዋጋ ያወራሉ፤ አንዷ ትናንት በገዛችበት ዛሬ እንደማይገኝ ትምላለች። ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ስልኩን መናገሪያው ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጥ፣ ከባድ ጥያቄ ከመጣ እኔ ከኋላ ሆኜ መልሱን እንድልክለት፣ ዐረፍተ ነገሮቼም አጫጭር እንዲሆኑ ነገረኝ። «ረጅም ከሆነ እደናበራለሁ» አለ። አሳዘነኝ። ይህ ነው ችግሩ፤ ብጠላው ኖሮ ቀላል ነበር። ልጅ ሳለን ጨለማ ስፈራ መብራት እስኪመጣ ተረት እየፈጠረ የሚያወራልኝ እሱ ነበር፤ ያኔ የራሱን ተረት ነበር የሚያወራው። እጁን ያዝኩት። ላብ በላብ ሆኗል።

የተሰበሰብነው አንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ባለ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ግድግዳው በአዲስ ቀለም ተቀብቶ ገና ይሸታል፤ አዳራሹ ከመንገዱ በታች ስለሆነ በመስኮቶቹ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። በሩ ላይ ራሰ በራ፣ ባለ መነጽር ሰውዬ ማርከር ይዞ የእያንዳንዱን ስም እየጻፈ ደረት ላይ ይለጥፋል። ቲፎዞ ነው። በጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ ቀን ቀን ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነው፤ መብረቅ አዲስ ገጽ ባወጣ ቁጥር ቀድሞ አንብቦ የሚያመሰግን እሱ ነው። ወንድሜን ሲያይ ማርከሩን ጥሎ አቀፈው። «ፊትህን እንዲህ አልነበረም ያሰብኩት! ስለ ቁልፉ የጻፍከውን ገጽ በቃሌ ነው የማውቀው፣ ልበልልህ?» ብሎ እዚያው በር ላይ ቆሞ ያነበንበው ጀመር። የእኔ ዐረፍተ ነገሮች ከሰው አፍ ሲወጡ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የተሰማኝ ደስታ ይሁን ንዴት እስካሁን አልለየሁትም።

«አንቺስ ማን ልበል?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

«እህቱ ነኝ።»

«የመብረቅ እህት! ታድለሽ! ከሱ ጋር አንድ ቤት መኖር!»

«ኧረ ተወኝ» አልኩት። የሳቅኩ መስሎት ሳቀ። ደረቴ ላይ «የመብረቅ እህት» ብሎ ለጠፈልኝ። ማርከሩ ወፍራም ስለነበር ከሩቅ ይነበባል።

አለቃው ፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ በየመካከሉ ሰዓቱን ያያል። ወንድሜ ሊጨብጠው ሲሄድ አንዲት ሴት መንገድ ዘጋችበት። ወፈር ያለች፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ የገባች፣ ጫማዋን አውልቃ በነጠላ ጫማ የቀየረች፣ የተማሪ ፈተና የጠቀጠቀችበት ቦርሳ በትከሻዋ ያንጠለጠለች ሴት። ደረቷ ላይ ያለውን አነበብኩ፤ ፍሬን ይላል። ወይ ጉዴ! ሦስት ዓመት ሙሉ «ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይላል፣ አንዱን ምረጥ»፣ «ጀማሪው እዚህ ጋ ይወድቃል» እያለ ያስለቀሰኝን ሰው ቀጭን፣ ጨጓራ የሚያመው ሽማግሌ አድርጌ ነበር የሣልኩት። የኮሌጅ መምህርት ናት። ተማሪዎቿ የሚማሩት ከገጾቻችን ስለሆነ ነው እንዲያ የምታጠብቀው። የወንድሜን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ከልቧ ፈገግ አለችለት።

«ድመቶቹስ?» አለችው። «የቀሩት አደጉ?»

«የቱ ድመት?» አለ ወንድሜ።

እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላው ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፍሬን ፈገግታዋ ሳይጠፋ ቅንድቧ ብቻ ትንሽ ከፍ አለ። ወንድሜ ወዲያው «እ… ድመቶቹ! አዎ፣ ደህና ናቸው መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሳቀና ወደ አለቃው አመለጠ። እሷ ቆማ ጀርባውን አየችው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ አይቼው ባላውቅም አውቀዋለሁ፤ አንድ ገጽ ላይ የማይገጥም ነገር ስታገኝ ከመጻፏ በፊት እንዲህ ነው የምታየው ማለት ነው።

ወንድሜ ጥሩ ተናገረ። መዋሸት አልችልም፣ ጥሩ ተናገረ። ምንም ስለማያውቀው ሰው የሚለውን ሲል ቲፎዞ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ አለቃውም ሰዓቱን ማየት ተወ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ በመስኮቱ የሚያልፉትን ጫማዎች እያየሁ የራሴን ቃላት በሰው ድምፅ እሰማለሁ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዝርዝር ውስጥ ያሉትን በተራ እያየች አንዱን ስታጠፋ፣ ኮዱ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ሳያየው ዘልሎ እንደሚያልፍ ተናገረች። «ለምንድን ነው?» አለች። ወንድሜ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። ውኃ ጠጣ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ እንደገና፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ። ጣቶቼ ቀድመውኝ ሄዱ። «ድመቶች ተደርድረዋል በል። በጣትህ እየነካህ ትሄዳለህ። ሁለተኛዋን አነሳሃት። ሦስተኛዋ ተጠግታ ቦታዋን ያዘች። ጣትህ ግን ወደ ሦስተኛው ቦታ አልፏል። አንዷን ሳትነካት ቀረህ። መፍትሔው፦ ከመጨረሻዋ ጀምረህ ወደ መጀመሪያዋ ና።» ላክሁ። ስልኩ በራ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ፤ «ድመቶች ተደርድረዋል እንበል…» ብሎ ጣቱን በአየር ላይ እያስኬደ አስረዳት። ልጅቱ «አሃ! ገባኝ!» ብላ ጮኸች፤ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ ጎኔ ላይ ሰው እንዳለ ተሰማኝ። ፍሬን ናት። መቼ መጥታ እንደተቀመጠች አላየሁም። ዓይኗ ጭኔ ላይ ያለው ስልክ ላይ ነው፤ ጽሑፉ እንዳለ ተዘርግቷል።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከፊት ቲፎዞ ምርጫው ሊጀመር ነው ይላል።

«ስንት ቀሩ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ምኖቹ?»

«ድመቶቹ።»

ወንድሜን አየሁት። አለቃው ትከሻውን እየቸበቸበው ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ልክ ድሮ መብራት ሲመጣ እንደሚስቀው ይስቃል። ሚስቱ ሆዷን ይዛ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ስልክ እየጠበቀች እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ በደህነኛው እጇ ክንዴን የያዘችበት ቦታ ገና ይሞቀኛል።

«የቱ ድመት?» አልኳት።

እንዲህ ስል የራሴን ድምፅ ጠላሁት። ከሃያ በላይ ገጽ ጽፌ አንድ ጊዜ እንኳን ያልዋሸኋት እሷን ነበር። ፍሬን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «አንዷ ስትሞት አይዞህ ብዬ ጽፌ ነበር» አለች። «ለማን ኖሯል የጻፍኩት እያልኩ ነው።»

«ለወንድሜ ነዋ።»

«ተነስቼ ልናገር እችላለሁ። በይ ካልሽኝ አሁኑኑ እነሳለሁ። ይህ ሰው ነገ የሌላውን ሥራ ሊያጸድቅ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው፣ ደግሞም አንቺ።»

«ሚስቱ ወሯ ገብቷል» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይህ ነው።

«ጥያቄዬን አልመለስሽልኝም።» ይህችኑ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጽፍልኝ የኖረችው፤ «ጥያቄዬን አልመለስክልኝም»። ልስቅ ወይም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ፊት ላይ ቲፎዞ «መብረቅን የሚደግፍ!» ሲል እጆች እንደ ሣር በቀሉ።

«ይተዉት፣ መምህር» አልኳት። «እባክዎን ይተዉት።» እጄን አወጣሁ። ለወንድሜ ድምፄን ሰጠሁ፤ ወይም ለራሴ፣ እንጃ፣ ከዚያ ወዲያ መለየት ትቻለሁ። በአዳራሹ እጇን ያላወጣች ፍሬን ብቻ ነበረች። ማንም ልብ አላላትም። በይ ስላላልኳት አልተነሳችም፤ ስትወጣ ደግሞ ደረቴ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባ ጫማዋን ለመቀየር ጎንበስ አለች።

ወደ ቤት በታክሲ ነው የመጣነው፤ ወንድሜ አውቶቡስ አልሳፈርም አለ። መንገድ ላይ አስቁሞ ኬክ ገዛ፤ ባለ ሱቋ ዋጋውን ስትነግረው እኔ ደነገጥኩ፣ እሱ ግን «ለዛሬ ነው» አለ። አለቃው ሰኞ ጠዋት ቢሮው መጥቶ የቋሚነት ደብዳቤውን እንዲወስድ ነግሮታል። ቤት ስንደርስ ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እናቴ እጇን ወደ ላይ አንስታ መረቀችው፤ ቀጥላ እኔን ጠራችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። አልመረቀችኝም፣ ሳመችኝ ብቻ። ኬኩ ተቆረጠ፣ ተበላ፤ ጣፋጭ ነበር፣ ምን ይዋሻል። ወንድሜ ጣቱን እየላሰ ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፈውና «በይ ክፈቺ እታለም፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ቃሉን አልበላም። ሊባልለት የሚገባውን ልበልለት።

ቁጭ አልኩ። መለያ ስም ይላል። «እኔ» ብዬ ጻፍኩ። ተይዟል አለኝ። እንዴት አይያዝ! ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ «እኔው» ብዬ ጻፍኩ፤ ተቀበለኝ። ለብዙ ወራት ለማንም ሳላሳይ ያስቀመጥኳትን ገጽ አወጣኋት። ስለ መጠበቅ ናት፤ አንዱ ኮድ ለሌላው «መልሱን በኋላ እሰጥሃለሁ» ብሎ ቃል ሲገባለት፣ ያኛው እስከዚያ ቆሞ እንዳይቀር ምን ማድረግ እንዳለበት ታስረዳለች። ምሳሌዋ አከራይዋ ናት፤ ቧንቧውን አሠራለሁ ብላ ቃል ገብታ እኛ ከሥሩ ባልዲ አድርገን የምንኖርበት። ለመብረቅ አልሰጥም ብዬ የሳሳሁባት አንዲቷ ገጽ እሷ ናት። ከሁሉ አስበልጬ የጻፍኳት እሷን ነው። ላክኋት። ከግርጌዋ «እኔው» ይላል። ዝም ብዬ አየሁት። ለካ ስም እንዲህ ትንሽ ነገር ነው፣ ሁለት ሦስት ፊደል፤ ግን አየሁት፣ አየሁት፣ አልጠግበው አልኩ።

«አሁን ላጽድቀው? የቱን ነው የምጫነው?» አለ ወንድሜ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ሌሎች ያንብቡት። ሕጉ እንዲያ ነው» አልኩት። ዕቃ ላጥብ ተነሳሁ።

ሳህኑን ሁሉ አጥቤ ድስቱን ሳነሳ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ጮኸ። እጄን ቀሚሴ ላይ እየጠረግኩ ሮጥኩ። ቲፎዞ ነው። እንግዲህ ቀድሞ የሚያነብ እሱ አይደል! እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ደህና መጣሽ ወይም መጣህ። ነገር ግን ይህ ገጽ ከላይ እስከ ታች የመብረቅ ቅጂ ነው። አከራይዋ የሱ ናት፣ ቧንቧው የሱ ነው፣ ዐረፍተ ነገር አቆራረጡ ሳይቀር የሱ ነው። ከሰው መማር ደግ ነው፣ የሰው ድምፅ መስረቅ ግን ነውር ነው። የራስህን ነገር ጻፍ። ይህ እንዳይጸድቅ እቃወማለሁ።» ከሥሩ አምስት ሰው ተስማምቶበታል። ከነሱ አንዷ ቀን ላይ ስለ ዝርዝሩ የጠየቀችው ልጅ ናት። በመጨረሻ ደግሞ «መብረቅ፣ የተዘረፍከው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?» የሚል አለ። ፍሬንም አንብባዋለች፤ ማን እንዳነበበ ይታያል። ምንም አላለችም። ይተዉት ያልኳት እኔ ነኝ።

ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። ወንድሜ ሁለቴ አነበበው፤ ፊቱ የለበሰውን ሸሚዝ መሰለ። «ይኸው!» አለች ሚስቱ ሆዷን ይዛ፤ «አላልኩም? ማስተያየት ጀመሩ!» አለቀሰችም። ከሰኞ በፊት አለቃው ይህን ቢያይስ፣ ማን ከማን ቀዳ ብሎ አንድ ሰው መመርመር ቢጀምርስ። ወንድሜ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ቤታችን ለመንጎራደድ አይሆንም፣ በሦስተኛው እርምጃ የእናቴ አልጋ ጋ ይደርሳል። «ገጹን ብታነሺውስ?» አለ። ከዚያ ደግሞ «አይ፣ ብታነሺው ይብሳል፣ የሰረቀ ሰው ነው የሚሸሸው ይላሉ» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያየኝ፤ መናገሪያው ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ስልኩ እስኪበራ እንደጠበቀው። እናቴን ዞሬ አየኋት። ግድግዳዋን እያየች ነው።

እውነቱን ጽፌ መገላገል እችል ነበር። ይህ ሁሉ እኔ ነኝ፣ አከራይዋም ቧንቧውም የእኔ ናቸው፣ የተዘረፈችው እኔ ነኝ ብዬ ሁለት መስመር። ማን ያምነኝ ነበር? አንድ ሰዓት ያልሞላው «እኔው» የሚባል ስም፣ በሦስት ዓመት ሥራ ላይ ቆሞ፣ ያ ሁሉ የእኔ ነው ሲል! ፍሬን ታምነኛለች። እሷን ደግሞ በገዛ አፌ ዋሽቻታለሁ። አማራጩን ሁሉ አገላበጥኩት፤ በየት በኩል ብሄድ ተመልሼ የምመጣው እዚሁ ወንበር ላይ ነው። ከ«እኔው» ወጣሁ። በ«መብረቅ» ገባሁ። የይለፍ ቃሉን ወንድሜ ረስቶታል፤ የማውቀው እኔ ነኝ።

«እህቴ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ቆም አልኩ። ሶፋው ሥር ድመቶቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል፤ ርቧቸዋል። «ሌባ አይደለችም» ብዬ ጨመርኩ። «የምታውቀውን ሁሉ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ወንድሜ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ትንፋሹ ሲረግብ አንገቴ ላይ ተሰማኝ። እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ፣ ልጅ ሳለን እንደሚያደርገው።

«ጥሩ ነው። አንቺ እኮ ታውቂበታለሽ» አለኝ። «ትንሽ ደግሞ ይቅርታ ጨምሪበት።»

ጨመርኩበት።